መብራት ሲጠፋ ይጮሃል ወይ? የሚቀሰቅስ ሰዓት ከመግዛታችሁ በፊት

አክስቴ አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ትንሽ ቁርስ ቤት አላት። ሌሊት የሚነሱት ሹፌሮችና ረዳቶች ፍርፍርና ሻይ ሳይቀምሱ ስለማይወጡ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ምድጃ መለኮስ አለባት። አንድ ሌሊት በሩ ሲንኳኳ ብንን ብላ ነቃች። ራስጌዋ ያለው ቀይ ቁጥር የሚያበራ ሰዓት ብልጭ ድርግም እያለ 2:35 ይላል። ስልኳን ስታየው ግን 10:40 ሆኗል። ሹፌሮቹ በባዶ ሆዳቸው ሄዱ፤ እሷም ቀኑን ሙሉ ሲቆጫት ዋለ።

«ሰዓቱ ተበላሽቷል፣ ወስጄ ልመልሰው» አለችኝ። ሰዓቱ ግን ደህና ነው። ሌሊት መብራት ሄዶ ተመልሷል፤ ሰዓቱም ከ12:00 እንደ አዲስ መቁጠር ጀምሯል። ስለዚህ 2:35 ማለት መብራት ከተመለሰ 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ሆኖታል ማለት ነው። ከ10:40 ላይ ቀንሱት፦ መብራቱ የመጣው 8:05 ላይ ነው። ቀን የሞላችው አላርም ደግሞ አብሮ ተሰርዟል።

ከዚያ ወዲህ ሰዓት ሊገዛ የሚያማክረኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ነው። ሻጩ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ቁጥሩ ድምቀት፣ ስለ ሙቀት መለኪያው ይነግራችኋል። ይህንን ግን ካልጠየቃችሁት አይነግራችሁም።

ሰዓት ውስጥ ምንድነው ያለው?

ማንኛውም የሚቀሰቅስ ሰዓት ሦስት ነገር ይፈልጋል። ቆጣሪ፣ ማስታወሻ እና ኃይል። ቆጣሪው ሰዓቱን ያስኬዳል። ማስታወሻው «10 ሰዓት ላይ ቀስቅሰኝ» ያላችሁትን ይይዛል። ኃይሉ ከሶኬት ወይም ከባትሪ ድንጋይ ይመጣል። አላርም ያልጮኸበትን ቀን መለስ ብላችሁ ብታዩት ብዙ ጊዜ የከዳው ከእነዚህ አንዱ ነው።

ቆጣሪው ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱን ማወቅ ብዙ ነገር ያስረዳል።

አንደኛው ኳርትዝ ነው። ኳርትዝ የማዕድን ዓይነት ነው። በጣም ትንሽ አድርገው ይቆርጡትና የኤሌክትሪክ ግፊት ሲሰጡት ይንቀጠቀጣል፣ ልክ እንደ ክራር ክር። ክሩ በጣት ሲነካ ሁሌም ያንኑ ድምፅ እንደሚሰጠው፣ ሰዓት ውስጥ ያለው ኳርትዝም በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ቁጥሩ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም። 32,768ን ለሁለት ክፈሉት፣ የቀረውን ደግሞ ለሁለት፣ እንዲህ 15 ጊዜ ብትሄዱ በትክክል 1 ላይ ትደርሳላችሁ። ሰዓቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቺፕ የምትሠራው ይህንን ነው፤ እየገመሰች እየገመሰች አንድ ሰከንድ ታወጣለች። የመጀመሪያው የኳርትዝ የእጅ ሰዓት በ1969 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ በሴኮ ሲወጣ ዋጋው የትንሽ መኪና ያህል ነበር። ዛሬ ያው አሠራር መንገድ ላይ በላስቲክ ተዘርግቶ በሚሸጥ ሰዓት ውስጥ አለ። ተራው ኳርትዝ በቀን ቢሳሳት አንድ ሁለት ሰከንድ ነው። ለመነሳት ከበቂ በላይ ነው።

ሁለተኛው ቆጣሪ ግን ሰዓቱ ውስጥ የለም። ግድግዳው ውስጥ ነው።

የሶኬት ሰዓት ምኑን ነው የሚቆጥረው?

ከሶኬት የሚመጣው መብራት እንደ ቧንቧ ውሃ ወደ አንድ አቅጣጫ አይፈስም። ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በእኛ ሀገር በሰከንድ 50 ጊዜ። የዚህ ምልልስ መለኪያ ኸርዝ ይባላል፤ ዕቃ ጀርባ ላይ «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ» ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ነው። ብዙ ርካሽ የሶኬት ሰዓቶች ይህንን ምልልስ ነው የሚቆጥሩት። 50 ሲሞላ አንድ ሰከንድ ይላሉ። ከበሮ እየሰማ እንደሚያጨበጭብ ሰው አስቡት፦ ከበሮው ከዘገየ ጭብጨባውም ይዘገያል፣ ከበሮው ከቆመ ጭብጨባውም ይቆማል።

ከበሮውን የሚመቱት ኃይል ማመንጫዎቹ ናቸው። ግድቦቹም፣ አዳማ ኮረብታው ላይ የምናያቸው የነፋስ ማማዎችም፣ ሁሉም አንድ መረብ ላይ ናቸው። (በዚህ አጋጣሚ፣ «ማማው እዚሁ አጠገባችን እየዞረ መብራት እንዴት ይጠፋብናል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ማማዎቹ የሚያመነጩት ግን ወደ ሀገሪቱ መረብ ነው የሚገባው፤ ተለይቶ ወደ ቤታችን የሚመጣ መስመር የለም። የሰፈሩ ሽቦ ወይም ትራንስፎርመር ከተበላሸ ማማው ቢዞርም እኛ ጨለማ ውስጥ ነን።)

የከበሮው መዘግየት እውነት ሰዓት ያዛባል ወይ ለሚል፣ በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ የሆነውን ማየት ይበቃል። በሰርቢያና በኮሶቮ መካከል በተፈጠረ አለመግባባት መረቡ ላይ ኃይል ጎደለ። ምልልሱ ከ50 በጥቂቱ፣ በጣም በጥቂቱ ዝቅ አለ። ያ ጉድለት ለሳምንታት ተጠራቅሞ በ25 ሀገሮች ያሉ የምድጃና የራስጌ ሰዓቶች እስከ 6 ደቂቃ ድረስ ወደ ኋላ ቀሩ። ሰው ሰዓቱን ሲያስተካክል ከረመ።

ከአሜሪካ የመጣው ሰዓት ለምን ይዘገያል?

ይህ እኛ ሀገር በጣም የተለመደ ችግር ነው፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ግን ብዙ አላጋጠመኝም። የአክስቴ ልጅ የእናቱን ችግር ሰምቶ ከአሜሪካ ራዲዮ ያለው ቆንጆ ሰዓት ላከላት። እንዲህ ያለው የአሜሪካ ዕቃ 110 ቮልት ስለሚፈልግ እኛ ሶኬት ላይ በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል። ይህንን ሁሉም ያውቃል። እሷም ታውቃለች፣ ስለዚህ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዛች።

ትራንስፎርመሩ ግን የሚያወርደው ቮልቱን ብቻ ነው። ምልልሱን አይነካም። አሜሪካ በሰከንድ 60 ነው፣ እዚህ 50። ሰዓቱ 60 እስኪሞላ ይጠብቃል፤ 60 የሚሞላው ደግሞ እዚህ ከአንድ ሰከንድ በላይ ቆይቶ ነው። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል።

ማታ 3 ሰዓት ላይ አስተካክላ፣ አላርሙን ለ10 ሰዓት ሞልታ ተኛች። መሀሉ 7 ሰዓት ነው። ሰዓቱ ግን 7 ሰዓት ቆጥሮ እስኪጨርስ በእኛ 8 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይወስድበታል። የጮኸው 11:24 ላይ ነው። እንደገና ሹፌሮቹ በባዶ ሆዳቸው ሄዱ። ሰዓቱ ሁለተኛ ቀንም፣ ሦስተኛ ቀንም እንዲሁ አደረገ፣ እሷም አስማት መሰላት።

እንዲህ ዓይነት ሰዓት እጃችሁ ካለ ጀርባውን ወይም ሆዱን እዩት። አንዳንዱ 50 እና 60 የሚል ትንሽ ማብሪያ አለው፤ ወደ 50 መግፋት ነው፣ አለቀ። «60 ኸርዝ» ብቻ የሚል ከሆነ ግን እዚህ ራዲዮውን ስሙበት እንጂ ለመነሳት አትመኑት። በዩኤስቢ ገመድ የሚሠሩት ሰዓቶች ይህ ችግር የለባቸውም፤ ቻርጀሩ መብራቱን ለውጦ ስለሚሰጣቸው በራሳቸው ኳርትዝ ነው የሚቆጥሩት።

ሌላም አለ። «አቶሚክ» ወይም «ራሱን በራሱ የሚያስተካክል» ተብሎ የሚመጣ ሰዓት። እንዲህ ዓይነቱ በራዲዮ ሞገድ ትክክለኛውን ሰዓት ከማሰራጫ ይቀበላል። የአሜሪካው ማሰራጫ ኮሎራዶ ነው፣ የአውሮፓው ጀርመን ውስጥ ነው፤ የጀርመኑ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አዳማ አይደርስም። ስለዚህ እዚህ እንደ ማንኛውም ኳርትዝ ሰዓት ነው የሚሠራው፤ ለስሙ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

«ባክአፕ አለው» ሲሉኝ ልመን?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ባክአፕ ማለት መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የሚደግፍ ድንጋይ ነው። አንዳንዱ ሳንቲም የመሰለች ክብ ድንጋይ ይጠቀማል፣ አንዳንዱ ሁለት ሦስት የሪሞት ድንጋይ፣ የድሮዎቹ ደግሞ ባለ 9 ቮልቱን አራት ማዕዘን።

ግን «ሰዓቱን ይይዛል» እና «ይጮሃል» አንድ አይደሉም። ክቧ ድንጋይ በብዙዎቹ ሰዓቶች ማስታወሻውን ብቻ ነው የምትጠብቀው። መብራት ሲመለስ ሰዓቱ ትክክል ሆኖ ይገኛል፣ አላርሙም አልተሰረዘም። መብራቱ 9 ሰዓት ሄዶ 12 ሰዓት ከመጣ ግን 10 ሰዓት ላይ ማንም አይቀሰቅሳችሁም፤ ድምፅ ለማውጣት የሚበቃ ኃይል የላትምና። አሁን በየሱቁ ያሉት መስታወት የሚመስሉ ሰዓቶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ እያላችሁ ሞክሩት። አትፈሩ፣ አምስት ደቂቃ ነው። ድንጋዩን አስገቡ፣ ሶኬት ላይ ሰኩ፣ ሰዓቱን አስተካክሉ፣ አላርሙን ከሁለት ደቂቃ በኋላ እንዲጮህ ሙሉት። ከዚያ ከሶኬቱ ንቀሉት። ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ከጮኸ ግዙ። ካልጮኸ መልሳችሁ ሰኩና ሰዓቱ እንዳለ መሆኑን እዩ፤ እንዳለ ከሆነ ለሳሎን ይሆናል፣ ለራስጌ ግን አይሆንም። ሻጩ «ድንጋይ የለኝም» ካላችሁ ከጎን ሱቅ ገዝታችሁ ተመለሱ።

ታዲያ ተራው ባለ ድንጋይ ሰዓት አይሻልም?

ለብዙ ሰው ይሻላል። እኔ በግልጽ ልንገራችሁ፣ መብራት ለሚመላለስበት ቤት በአንድ ድንጋይ የሚሠራ ባለ ዘንግ ኳርትዝ ሰዓት የሚተካከለው የለም። ኃይሉ ከራሱ ነው፣ አንድ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ዓመት አካባቢ ይወስደዋል።

ጉድለቱንም ማወቅ ግን ያስፈልጋል። የአላርሙ ዘንግ የሚዞረው በ12 ሰዓት ክበብ ላይ ነው፣ ቀንና ሌሊት አይለይም። ሌሊት 10 ሰዓት የሞላችሁት ካላጠፋችሁት ቀን 10 ሰዓትም ይጮሃል። ደቂቃውንም በደንብ አይዝም፤ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሊጮህ ይችላል። ፈተና ወይም መኪና ካለባችሁ አሥር ደቂቃ አስቀድማችሁ ሙሉት። ደግሞ መሙያዋ ቁልፍ አጠገብ ቀስት ካለ በቀስቱ አቅጣጫ ብቻ አዙሩ፣ በተቃራኒው ሲያዞሩት ነው ውስጡ የሚሰበረው።

ስለ ድንጋዩ አንድ ነገር። ርካሹ ድንጋይ ዚንክ ካርቦን ነው፣ ውዱ አልካላይን። የሰዓት ፍጆታ በጣም ትንሽ ስለሆነ ርካሹም ይበቃዋል፤ አልካላይኑን ለእጅ ባትሪና ለልጆች መጫወቻ አስቀምጡት። የዚንኩ ችግር ቆርቆሮው ራሱ የድንጋዩ ምግብ መሆኑ ነው። ሲያልቅ ቆርቆሮው ተበልቶ ይሳሳል፣ ከዚያ ይፈሳል። የአዳማ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ዘንጉ መዝለል ሲያቅተው፣ እዚያው ቦታ ላይ ቲክ ቲክ እያለ ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ ድንጋዩ ደክሟል፤ በዚያኑ ቀን አውጡት። ሰዓቱን ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አታስቀምጡ።

ድምፁንም ስሙት። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ የመስማት ችሎታ ነው። ያ ጢጢጢ የሚለው ለወጣት ጆሮ ይበቃል፤ ለእናትና ለአባት የምትገዙ ከሆነ ግን ወፍራም ድምፅ ያለውን፣ ወይም ሁለት ደወል በመዶሻ የሚመታውን ምረጡ። ሱቅ ውስጥ ጮክ ብሎ የተሰማው በር ተዘግቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው እንደማይሰማ አስቡ።

በሀበሻ ሰዓት መሙላት ችግር አለው?

ባለ ዘንጉ ላይ ምንም ችግር የለም። በቁጥር በሚያሳየው ላይ ግን ኤኤም (በፈረንጅ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት እስከ ቀትር) እና ፒኤም (ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት) የሚባሉት ያምታታሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሰዓቱን 1:00 ኤኤም አድርጉት። ከዚያ በኋላ ኤኤም ማለት ቀን፣ ፒኤም ማለት ማታና ሌሊት ይሆናል። ሌሊት 10 ሰዓት መነሳት ከፈለጋችሁ 10:00 ፒኤም ነው የምትሞሉት። ብዙ ሰው «ሌሊት ስለሆነ ኤኤም» ብሎ ይሞላና ቀን 10 ሰዓት ይጮህበታል። ቃላቱ ካልተጻፉ ቁጥሩ አጠገብ አንዲት ነጥብ ትኖራለች፤ ብዙ ጊዜ ነጥቧ ስትበራ ፒኤም ነው። በዚህ አሞላል ቀኑ የሚቀየረውም ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው፣ ልክ እንደ እኛ አቆጣጠር።

ስልክ ላይ ግን ሰዓቱን በእጅ 6 ሰዓት ወደ ኋላ አትመልሱት። ስልክ ያንን ሰዓት ከሌሎች ጋር ለመነጋገር ይጠቀምበታል፤ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር የማረጋገጫ ቁጥር የሚሰጡ መተግበሪያዎች ለምሳሌ ሰዓቱ ከተዛባ ቁጥራቸው አይሠራም። የሀበሻ ሰዓት ማየት ከፈለጋችሁ የሰዓቱን ቁጥር ተዉትና የሰዓት ክልሉን ቀይሩ። የእኛ ክልል ከዓለም አቀፉ መነሻ 3 ሰዓት ይቀድማል፤ ከመነሻው 3 ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረውን፣ ለምሳሌ የአርጀንቲናዋን ቦነስ አይረስ ብትመርጡ፣ ልዩነቱ በትክክል 6 ሰዓት ነው። ስልኩ ውስጡ ትክክል ሆኖ ፊቱ ላይ የሀበሻ ሰዓት ያሳያችኋል። የአውሮፕላን ትኬት ካላችሁ ግን በዚህ አትተማመኑ፣ ወደ ቦታው መልሱት።

ስልክ እያለ ሰዓት ለምን እገዛለሁ?

ስልክ ጥሩ ቀስቃሽ ነው፣ ቻርጅ ካለው። መብራት ጠፍቶ ያመሸ ቀን ግን ቻርጁም አብሮ ያልቃል፣ አብዛኛው ስማርት ስልክ ደግሞ ጠፍቶ እያለ አይጮህም። የድሮዎቹ ባለ ቁልፍ ኖኪያዎች ብዙዎቹ ተዘግተውም ይጮሁ ነበር፤ አሁን ያለውን ባለ ቁልፍ ስልካችሁን ሞልታችሁ፣ ዘግታችሁ ሞክሩት።

ማስታወሻ ለመያዝ ግን ስልክ ይበቃል። ስልክ ቁጥርና ቀጠሮ የሚይዙ የኪስ ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ በ1984 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ሳይዮን፣ በ1996 የአሜሪካው ፓይለት፣ በመሀል ደግሞ የካሲዮና የሻርፕ ዲጂታል ዳያሪዎች። የብዙዎቹ ማስታወሻ በድንጋይ ነበር የሚቆየው። ዋናው ድንጋይና የባክአፑ አብረው ካለቁ የዓመታት ስልክ ቁጥር ባንዴ ይጠፋ ነበር፣ ልክ እንደ አክስቴ አላርም። አሮጌ ዳያሪ ርካሽ ሆኖ ብታገኙ መጀመሪያ ይህንን አስቡ። የዛሬ ስልክ ማስታወሻ ያለ ኃይልም ይቆያል፤ የሚጠፋው ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ሲሰበር ነው። ስለዚህ ቁጥሮቻችሁን ስልኩ ላይ ብቻ ሳይሆን የኢሜይል አካውንታችሁ ላይ እንዲቀመጡ አድርጉ፣ የቅርብ ሰዎቻችሁን አምስት ስድስት ቁጥር ደግሞ ደብተር ላይ ጻፉ።

አክስቴ አሁን ሁለት ደወል ያለው ባለ አንድ ድንጋይ ሰዓት አላት። ለ10 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ትሞላዋለች። ከአልጋዋ ራቅ አድርጋ፣ ከድስቶቹ ጎን መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ለማጥፋት ተነስታ እንድትሄድ። ጀርባው ላይ ድንጋዩን የቀየረችበትን ቀን በነጭ ፕላስተር ለጥፋለች፤ የአሜሪካው ደግሞ ቁርስ ቤቱ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ዜና ያሰማል።